ከመርከብ ወደ ቢሮ፦ የካፒቴን ፊትዝሮይን መንገድ መከተል ለሚፈልግ ባህረኛ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባቸው ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባህር ዳር ሠልጥነህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ ሠርተህ ሰከንድ ኦፊሰር ደርሰሃል። አሁን አንድ የሎጂስቲክስ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ የመምሪያ ኃላፊነት አቅርቦልሃል። ደመወዙ ከመርከቡ ያንሳል፤ ግን ቤተሰብህ አጠገብ ትሆናለህ። ከዚያ እንዲህ ትላለህ፦ «ጋሼ፣ የዳርዊን መርከብ አዛዥ የነበረው ፊትዝሮይ ከባህር ወርዶ አገረ ገዥ ሆኗል፤ መሥሪያ ቤትም አቋቁሟል። እኔስ ለምን አልችልም? ወይስ መርከብ የለመደ ሰው ለቢሮ አይሆንም?»

ይሆናል። ግን ስሙን ካነሳኸው አይቀር የፊትዝሮይን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንየው። እኔም የምወደው ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዳርዊንን ይዞ ዓለምን በመዞሩ ብቻ ነው። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፊትዝሮይ ሁለት ጊዜ ትልቅ የአስተዳደር ሥራ ያዘ። የመጀመሪያው ሹመት ግዙፍ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተሻረ። ሁለተኛው ትንሽ ክፍልና ሦስት ረዳት ነበር፤ ከእሱ የተጀመረውን አገልግሎት ዛሬም መርከብህ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ቆመህ ትጠቀምበታለህ። ሰውየው ያው ሰው ነው። ጠባዩም እውቀቱም አልተለወጠም። የተለያየው የሥራው አሠራር ነው። የምመክርህም ከዚህ ተነሥቼ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ፊትዝሮይ በ1805 እንግሊዝ አገር ሳፎክ ውስጥ ተወለደ። ትልቅ ዘር ነበረው። አያቱ የግራፍተን መስፍን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን የምነግርህ መሰላሉ ከአንተ መሰላል ጋር እኩል እንዳይመስልህ ነው። ነገር ግን በዘር ብቻ አላደገም። በ12 ዓመቱ ፖርትስማውዝ የባህር ኃይል ኮሌጅ ገባ። በ1824 የሌፍተናንትነት ፈተናውን ሙሉ ነጥብ አገኘ። ከእሱ በፊት ሙሉ ነጥብ ያገኘ አልነበረም።

አዛዥነቱ የመጣው በአሳዛኝ መንገድ ነው። በ1828 የቢግል (ኋላ ዳርዊንን የያዘችው መርከብ) አዛዥ የነበረው ካፒቴን ስቶክስ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በማጄላን መተላለፊያ ብርድና ብቸኝነት ተሰብሮ ራሱን አጠፋ። መርከቢቱ ለ23 ዓመቱ ፊትዝሮይ ተሰጠች። ወር ሁለት ወር ሳይቆይ፣ በጥር 1829፣ ከላ ፕላታ ወንዝ አፍ አጠገብ ድንገተኛ ማዕበል መታቸው። ሁለት ባህረኞች ሞቱ። ባሮሜትሩ፣ የአየር ግፊት መለኪያው፣ ግን አስቀድሞ ወርዶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊትዝሮይ ባሮሜትርን ችላ ያለበት ጊዜ የለም። ይህን ያዝልኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉዞ ከታኅሣሥ 1831 እስከ ጥቅምት 1836 የፈጀው ዝነኛው ነው። ስለ ዳርዊን ታውቃለህ፤ አልደግመውም። ለሙያህ የሚነካህን ልንገርህ። መርከቢቱ 22 ክሮኖሜትር (በባህር ላይ የማይዛነፍ ሰዓት) ይዛ ነበር፤ ከነሱ የተወሰኑትን የገዛው ከራሱ ኪስ ነው። በሎግህ (በመርከቡ መዝገብ) ላይ የምትጽፈው የቦፎርት የነፋስ ኃይል ቁጥር መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በዚያ ጉዞ ነው። የደቡብ አሜሪካን ዳርቻ የለካበት ካርታ እሱ ከሞተም በኋላ ለረጅም ዘመን መርከበኞችን አገልግሏል። ሰውየው ለልኬት የተፈጠረ ነበር። ቁጥር ካልተሟላ አይተኛም።

እዚያው ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ጀመረ። ሥራው በአንድ መርከብ አልበቃ ሲለው በ1833 ሁለተኛ መርከብ በራሱ ገንዘብ ገዛ። አድሚራልቲውን (የባህር ኃይሉን መሥሪያ ቤት) አላስፈቀደም፤ ኋላ ይከፍሉኛል ብሎ አሰበ። አልከፈሉትም። በማግሥቱ ዓመት መርከቢቱን ለመሸጥ ተገደደ። በጣም ተሰበረና አዛዥነቱን እለቃለሁ እስከ ማለት ደረሰ። መኮንኖቹ ናቸው ለምነው ያስቀሩት። የመሥሪያ ቤትን ጉድለት በራስ ኪስና በራስ ጤና መሙላት ቅንነት ይመስላል። ፊትዝሮይን ግን ዕድሜ ልኩን አስከፍሎታል።

አሁን ወደ ትልቁ ሹመት እንምጣ። ጉዞው ካበቃ በኋላ የሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1841 ፓርላማ ገባ። እዚያ ሳለ የንግድ መርከብ አዛዦችና መኮንኖች ተፈትነው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ የሕግ ሐሳብ አቀረበ። ያኔ አልጸደቀም። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በ1850 በወጣው የእንግሊዝ የንግድ ባህረኞች ሕግ ፈተናው ግዴታ ሆነ። ዛሬ አንተ የያዝከው የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው ብልህ ማጋነን አይሆንም።

በ1843 የኒውዚላንድ አገረ ገዥ ተብሎ ተሾመ። እንደዚህ ያለ ሹመት ቢቀርብልህ «አይሆንም» የምትል አይመስለኝም። እሱም አላለም። ግን የተረከበውን ተመልከት። ካዝናው ባዶ ነው፤ ባዶ ብቻ አይደለም፣ ዕዳ አለበት። ወታደሩ እፍኝ አይሞላም። ለንደን ደብዳቤ ልኮ መልስ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። መሬት ገዝተናል የሚሉ ሰፋሪዎች አሉ፤ አልሸጥንም የሚሉ የማኦሪ (የአገሩ ተወላጆች) ባላባቶች አሉ። በ1840 በእንግሊዝ መንግሥትና በማኦሪ ባላባቶች መካከል የዋይታንጊ ስምምነት ተፈርሟል፤ ሁሉም በየራሱ ይተረጉመዋል። ፊትዝሮይ ከመድረሱ ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ ዋይራው ላይ በመሬት ጠብ ደም ፈስሷል። ከሰፋሪዎቹ 22 ሰዎች ሞተዋል።

ፊትዝሮይ ጉዳዩን መረመረ። ከዚያ በአደባባይ ፈረደ፦ ጥፋቱን የጀመሩት ባለቤትነቱ ያልተጣራ መሬት በጉልበት ለመለካት የሄዱት ሰፋሪዎች ናቸው፤ ማኦሪዎቹ እጃቸውን የሰጡ ሰዎችን መግደላቸውም ወንጀል ነው፤ በቀል ግን አይኖርም። በእኔ እምነት ፍርዱ ትክክል ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ዛሬ እንደዚያ ያዩታል። ያኔ ግን ሰፋሪዎቹ ጠመዱት። ሰፋሪዎቹን ያመጣው የመሬት ኩባንያ ለንደን ውስጥ ሰሚ ጆሮ ነበረው። ፊትዝሮይ ደግሞ በመርከብ ልማድ ትእዛዝ ሰጥቶ ዞር አለ። መርከብ ላይ አዛዥ ከተናገረ አለቀ። ከተማ ውስጥ አያልቅም፤ ማስረዳት አለ፣ ማግባባት አለ፣ ነገ የሚያስፈልግህን ሰው ዛሬ አለማስቀየም አለ። ይህ ችሎታ አልነበረውም።

ገንዘቡም አላወላዳውም። ከመመሪያው ውጭ የዕዳ ወረቀት አሳተመና እንደ ብር እንዲዘዋወር አደረገ። በ1844 የጉምሩክ ቀረጥ አነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ገቢ ሲጠፋ መለሰው። መሬት የሚገዛው መንግሥት ብቻ ነው የሚለውን ደንብ አላልቶ ሰፋሪዎች በቀጥታ እንዲገዙ ፈቀደ። በአንድ ወገን ሲደፍን በሌላው ይፈስሰዋል። በሰሜን ሆኔ ሄኬ የሚባለው የማኦሪ መሪ የእንግሊዝን ባንዲራ እንጨት ደጋግሞ ቆረጠ። በመጋቢት 1845 ለአራተኛ ጊዜ ሲቆርጠው የኮሮራሬካ ከተማ ወደቀች። ያን ጊዜ ለንደን ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። በኅዳር 1845 በፊትዝሮይ ቦታ ጆርጅ ግሬይ ተተካ። ግሬይ ሲመጣ ለፊትዝሮይ የተከለከለው ገንዘብም ወታደርም ተሰጠው። ይህችን ነጥብ ሁለት ጊዜ አንብባት።

ፊትዝሮይ ስህተት አልሠራም አልልም። ሠርቷል። ግን ሥራው ሲሰጠው ተጠያቂነቱ ሙሉ ነበር፤ አቅሙ ግን ሩብ አልነበረም። ይህን ቀድሞ የሚያይ ሰው ወይ ይደራደራል፣ ወይ ይተወዋል። እሱ ግን በራሱ ትጋት የሚሞላው መሰለው። ሃያ ዓመት ስመክር ካየኋቸው ጎበዝ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በሙያቸው አንደኛ ስለሆኑ «እኔ ከገባሁበት ይስተካከላል» ብለው ይፈርማሉ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ተንከራተተ። የዉሊች የመርከብ መሥሪያን ተቆጣጠረ፤ አሮጋንት የምትባል ባለ እንፋሎት መርከብ አዘዘ። በ1850 ከባህር ኃይል ንቁ አገልግሎት ወጣ። በዚህ ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች «አበቃለት» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

በ1854 የእንግሊዝ የንግድ ቦርድ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትንሽ ክፍል አቋቋመ። ሥራው ከመርከቦች የነፋስና የአየር መዝገብ ሰብስቦ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። ሠራተኛው ሦስት። አገር ያስተዳደረ ሰው ለዚህ ሲቀጠር ውርደት ሊመስል ይችላል። ፊትዝሮይ ግን ተቀበለ። እኔ ይህን የሙያ ሕይወቱ ትልቁ ውሳኔ ነው እላለሁ። ምክንያቱም ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተማረው ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ገባ። መለካት ያውቃል። መርከበኛ መዝገብ ሲይዝ የት እንደሚሰንፍ ያውቃል። የሚወርድ ባሮሜትር ምን እንደሚያመጣ ሁለት ሰው ቀብሮ ተምሯል።

መሣሪያ ለመርከቦች አደለ፤ በየዓሣ አጥማጁ ወደብ ባሮሜትር እንዲሰቀል አደረገ፤ አጥማጁ በቀላሉ እንዲያነበው መመሪያ ጻፈ። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። በ1857 በዚያው ቦርድ ውስጥ ከፍ ያለ የባህር መኮንንነት ቦታ ተከፈተ። እሱ ሲጠብቅ ለሱሊቫን ተሰጠ፤ ቢግል ላይ የእሱ የበታች ለነበረው ሰው። ይህ ያማል። ዕድገት የታለፈ አንባቢ ካለ ይገባዋል። ፊትዝሮይ ግን አልሄደም። የሠራው ታላቅ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በጥቅምት 1859 ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ ከአውስትራሊያ ስትመለስ በዌልስ አንግልሲ ዳርቻ በማዕበል ተሰባበረች። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ ከየቦታው የተመዘገበውን ሰብስቦ ማዕበሉ እንዴት እንደመጣ በካርታ አሳየ። መምጣቱ በቴሌግራፍ ሊነገር ይችል ነበር አለ። ፈቃድ አገኘ። በየዳርቻው 15 ጣቢያ አቋቋመና በየቀኑ ልኬታቸውን በቴሌግራፍ ወደ ለንደን እንዲልኩ አደረገ። በየካቲት 1861 የማዕበል ማስጠንቀቂያ ጀመረ። አደጋ ሲኖር ወደቡ ላይ በምሰሶ ሾጣጣ ምልክት ይሰቀላል፤ ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ማዕበሉ ከሰሜን፣ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ። ማንበብ የማይችል አጥማጅም ይገባዋል። በነሐሴ 1 ቀን 1861 ደግሞ የሕዝብ የአየር ትንበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ኒውዚላንድ ላይ ያልተሳካለት ሰው እዚህ ለምን ተሳካለት? ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ ግን ወሰኑ ግልጽ ነበር። ጥያቄው በልኬት የሚመለስ ነው። የሚያዛቸው ሰዎች ቋንቋውን ይናገራሉ። ከአለቆቹ ጋር ያለው ርቀት የመርከብ ወራት ሳይሆን የእግር መንገድ ነው። የሚጠቀመውንም ሰው በዓይኑ ያውቀዋል፤ ባህረኛ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጎደሎ እውነት ልነግርህ አልፈልግም። ትንበያው ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። ጋዜጦች ያላግጡበት ጀመር። የሳይንስ ሰዎች መሠረቱ አልጸናም አሉ። ጀልባቸው ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ገቢ የሚቀርባቸውም አጉረመረሙ። ፊትዝሮይ ሁሉንም ትችት በግሉ ወሰደው። ያለ እረፍት ሠራ፤ ጤናው ወደቀ፣ ጆሮው ከበደ፣ መንፈሱ ጨለመ። በሚያዝያ 30 ቀን 1865፣ በ59 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። ሀብቱ ለሕዝብ ሥራ አልቆ ስለነበር ወዳጆቹ ለሚስቱና ለልጁ ገንዘብ አዋጡ። በእምነት ጉዳይ ተራርቀው የነበሩት ዳርዊንም 100 ፓውንድ ሰጡ። በሳይንስ ሰው በፍራንሲስ ጋልተን የሚመራ ኮሚቴ ሥራውን መርምሮ ስለነቀፈው በ1866 ማስጠንቀቂያውም ትንበያውም ቆመ። ከዚያ ማን ጮኸ መሰለህ? ባህረኞቹና አጥማጆቹ። ማስጠንቀቂያው በ1867 ተመለሰ፤ የሕዝብ ትንበያው በ1879። ያ ክፍል ዛሬ የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። በ2002 ደግሞ በመርከብ የአየር ዘገባ ውስጥ ፊኒስቴሬ ይባል የነበረው የባህር ክልል በስሙ ፊትዝሮይ ተባለ። በዚያ በኩል አልፈህ ከሆነ ስሙን በሬዲዮ ሰምተኸዋል።

ሞቱን ያነሣሁት ላስፈራራህ አይደለም። እንቅልፍህ ከጠፋ፣ ሁሉ ነገር ጥፋትህ መስሎ ከታየህ፣ ድካም ብቻ ነው ብለህ አትለፈው። ሐኪም እይ። ለምታምነው ሰው ንገር። መርከብ ላይ ብቻህን ሆነህ መሸከም ለምደህ ይሆናል፤ ቢሮም ውስጥ ያው ልማድ ይከተልሃል።

አሁን ወደ ያንተ ጉዳይ። የቀረበልህን የሥራ ዝርዝር አንብቤዋለሁ። «የመልቲሞዳል አገልግሎቱን (ጭነትን በባህርና በየብስ አያይዞ የማጓጓዙን ሥራ) በበላይነት ይመራል» ይላል። ስለ በጀት አንዲት መስመር የለም። ስለ ሠራተኛ ብዛት የለም። ስምህ ግን ከታች ተጠያቂ ተብሎ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ በአሁኑ መልኩ ኒውዚላንድን ይመስላል። መጥፎ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ሊስተካከል ይችላል። የሚስተካከለው ግን ከመፈረምህ በፊት ነው።

ስለዚህ ሄደህ አነጋግራቸው። ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ ተይዞ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥር ያለ ማንም ፊርማ ምን ያህል ወጪ ማጽደቅ እንደምትችል ጠይቅ። ስንት ሰው በሥርህ እንዳለ፣ ሰው መቅጠርና ማዛወር ትችል እንደሆነ ጠይቅ። ካንተ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ጠይቅ፤ ቢቻል ራሱን ሰውየውን ፈልገህ አግኘው። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይልቅ እሱ ብዙ ይነግርሃል። በቃል የሚሰጥህን ተስፋ በደብዳቤ አድርጉልኝ በል። «በኋላ እናስተካክላለን» ካሉህ ፊትዝሮይም ስለ ሁለተኛዋ መርከቡ እንዲሁ አስቦ ነበር።

አንድ አማራጭም ላቅርብልህ። በዚያው መሥሪያ ቤት የጭነት ዕቅድና የመርከብ ክትትል ክፍል ሰው እየፈለጉ እንደሆነ ጽፈህልኛል። በስም ከመምሪያ ኃላፊ ያንሳል። ግን የስቶዌጅ ፕላን (ጭነት በመርከብ ላይ የሚደረደርበትን ዕቅድ) ማንበብህ፣ የወደብ አሠራር ማወቅህ፣ ከካፒቴን ጋር በቋንቋው መነጋገርህ በየቀኑ ሥራ ላይ የሚውለው እዚያ ነው። አብዛኛው የአገራችን ጭነት በጅቡቲ በኩል ሲገባ መርከቡን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጎድል አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያ ብታሳልፍ እወዳለሁ። ሰው ማግባባትን፣ የመንግሥት ግዢን አሠራር፣ ስብሰባ መምራትን ትማራለህ። ፊትዝሮይ ገዥ ከመሆኑ በፊት ይህን የሚማርበት ቦታ አላገኘም።

የትኛውንም ብትመርጥ ሰርተፍኬትህ እንዳይሞትብህ። በዓለም አቀፉ የባህረኞች ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ስምምነት (STCW) መሠረት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ለማደስ በአምስቱ ዓመት ውስጥ በድምሩ 12 ወር የባህር አገልግሎት ይጠይቃል፤ ካልሆነ ከማደሱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሦስት ወር። የየብስ ሥራህ ከባህር አገልግሎት ጋር እኩል ሊታይልህ ይችል እንደሆነ የባህር ጉዳይ ባለሥልጣኑን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ጊዜው ሲደርስ አይደለም። ከአዲሱ ቀጣሪህ ጋርም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደህ አጭር ኮንትራት መሄድ እንድትችል ከወዲሁ ተነጋገር። መልሳቸውን ሲሰጡህ ደብዳቤውን ላክልኝ፤ ከመፈረምህ በፊት አብረን እናየዋለን።